የማሄ ሰማይ፦ የሚባለውና እውነታው

የሲሼልስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዋናዋ ደሴት በማሄ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ባሕሩ ተሞልቶ በተደለደለ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ጀመረ። ስለ አየሩ የሚነገረው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የሌሎች ደሴቶች ታሪክ ነው።

በተለይ ሳይክሎን ያስፈራል። ማዳጋስካርና ሞሪሺየስ ተመቱ ሲባል የሰማ ሁሉ ማሄንም ከእነሱ ጋር ይቆጥራታል። ማሄ ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 5 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ነፋሱን አዙሮ ሳይክሎን የሚያደርገው፣ ከምድር መሽከርከር የሚመነጨው የኮሪዮሊስ ኃይል እዚያ በጣም ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 ፋንታላ የተባለው ሳይክሎን የሲሼልስን ግዛት ሲመታ ያረፈው በፋርኳር ደሴቶች ላይ ነበር፤ እነሱም ከማሄ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። ይህ ሲባል ማሄ ምንም አይነካትም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ፌሌንግ የተባለው ሳይክሎን ከሩቅ ሲያልፍ ያመጣው ዝናብ ደሴቲቱን በጎርፍ አጥለቅልቋል።

ነፋስ ሁሉ ለአውሮፕላን ጠላት ነው የሚለውም ስህተት ነው። የፊት ነፋስ በክንፉ ላይ የሚያልፈውን አየር ስለሚጨምር አውሮፕላኑ በአጭር ርቀት እንዲነሳና እንዲያርፍ ያግዘዋል። አስቸጋሪው የጎን ነፋስ ነው። በማሄ መንደርደሪያ ሁለት ጫፎች የተጻፉት 13 እና 31 አቅጣጫ ጠቋሚዎች ናቸው፤ 130 ዲግሪ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 310 ዲግሪ ወደ ሰሜን ምዕራብ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚነፍሰው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚመጣው ደግሞ የሰሜን ምዕራብ ሞንሱን ነው። መንደርደሪያው ለሁለቱም ተመቻችቷል ማለት ነው። ልዩነቱ ያለው በሚመጡበት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ከክፍት ባሕር ይመጣል፤ ሁለተኛው ግን 905 ሜትር ከፍታ ያለው ሞርን ሲሼልዋ የሚገኝበትን የተራራ ሰንሰለት ተሻግሮ ሲወርድ ይታወካል፤ ለማረፍ የተቃረበውን አውሮፕላንም ያንገጫግጨዋል።

ሙቀቱ አውሮፕላን እንዳይነሳ ያደርጋል የሚለው ከፊል እውነት አለው፤ ሞቃት አየር ስስ ነውና። ነገር ግን በባሕር ወለል ላይ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ አየር የሚሳሳው በመደበኛ ሁኔታ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን ያህል ብቻ ነው። 2,334 ሜትር ላይ ያለው የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን በ20 ዲግሪ ቀን 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በአዲስ አበባና በማሄ መካከል ሲበር ለመነሳት ይበልጥ የሚቸገረው አዲስ አበባ ላይ እንጂ ማሄ ላይ አይደለም።

በእርግጥ ሊታሰብበት የሚገባው ዝናቡና ርቀቱ ነው። ጥር ከወራቱ ሁሉ ዝናብ ይበዛበታል፤ ሆኖም በረራ አይቆምም። ዶፉ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ያልፋል። ችግሩ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ከደረሰ ነው። አብራሪው በተወሰነው ከፍታ ላይ መንደርደሪያውን ወይም መብራቶቹን ካላየ ማረፉን ትቶ እንደገና ሽቅብ መውጣት ግዴታው ነው። ብዙ መንገደኞች ይህን የአደጋ ምልክት አድርገው ይወስዱታል፤ እሱ ግን የተለመደ የጥንቃቄ ሥርዓት ነው። አውሮፕላኑም ዝናቡ እስኪያልፍ በባሕሩ ላይ እየዞረ ይጠብቃል።

ለመጠበቅ ግን ነዳጅ ያስፈልጋል። ዝናቡ ካላለፈም ሌላ ማረፊያ መፈለግ ይመጣል፤ የጎረቤት ደሴት የፕራስሊን መንደርደሪያ ግን ለትልልቅ ጄቶች አጭር ነው። ሞምባሳም ሞሪሺየስም እያንዳንዳቸው ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ። በዚህ ምክንያት አየር መንገዶች ወይ እስከዚያ የሚያደርስ ትርፍ ነዳጅ ይጭናሉ፣ ወይም ለገለልተኛ ማረፊያዎች በወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት መድረሻው ሰማይ ላይ ለ2 ሰዓት የሚያበር ነዳጅ ይይዛሉ። ትርፉ ነዳጅ ክብደት ስለሚጨምር አንዳንዴ ጭነት ይቀነሳል። የማሄ ትንበያ ሲከፋም፣ መነሻው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ በረራው ሊዘገይ ይችላል።