ቀሪ አይጣልም!

ማካፈል ስናስተምር ብዙ ጊዜ ልባችን ያለው ድርሻው ላይ ነው። «ቀሪ 1» ተብሎ በዳር ይጻፍና ይረሳል። ታዲያ በአገራችን ቀሪው ዋና መልስ የሆነበት ጥንታዊ ሒሳብ አለ፤ ይኸውም ባሕረ ሐሳብ ነው።

እስቲ 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ። በባሕረ ሐሳብ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን 5500 ዓመት ተብሎ ስለሚቈጠር፣ ሁለቱ ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ዓመተ ዓለም ይባላል።

መጀመሪያ ለ4 እናካፍለው። ድርሻው 1879፣ ቀሪው 1 ነው። ቀሪ 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2017 ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው ቀሪው 3 ሲሆን፣ በሉቃስ መጨረሻ ነው። እዚህ ላይ አቋራጭ አለ፤ 100 ለ4 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች፣ 17ን ብቻ ማካፈል ይበቃል።

ቀጥሎ መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት እንፈልግ። 365 ቀን ማለት 52 ሳምንት ከ1 ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደ ፊት ይሄዳል፤ በአራት ዓመት አንዴ ግን በጳጉሜን 6 ምክንያት ሁለት ይሄዳል። ለዚህም ነው በ7517 ላይ ድርሻው 1879 የሚደመረው፤ ስሙም መጠነ ራብዒት ነው። ድምሩ 9396 ለ7 ሲካፈል ቀሪው 2 ይሆናል። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ ይሄድና ያለ ቀሪ ሲሆን ሰኞ ነው። 2017ም በእርግጥ ረቡዕ ገባ።

ለአጽዋማትና ለበዓላት ደግሞ ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል። ምክንያቱም 19 የፀሐይ ዓመትና 235 የጨረቃ ወር እጅግ ተቀራራቢ ናቸው። 4፣ 7 እና 19 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ሦስቱም ዑደቶች አንድ ላይ የሚገጥሙት በብዜታቸው፣ በ532 ዓመት ነው። ይህም ዐቢይ ቀመር ይባላል፤ ፋሲካ የሚውልባቸው ቀኖች ከዚያ በኋላ በዚያው ተራ ይደገማሉ።

ዕጩ መምህራን ሆይ! ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሱሉልታ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ ስትወጡ፣ አንድ ልጅ «ማካፈል ምን ያደርግልኛል?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ መልሱን በቃል ከመስጠት የተወለደበትን ዓመት ጠይቁት፤ ጠመኔውን ስጡትና ዓመቱ በምን ዕለት እንደገባ ራሱ ያግኘው። ሒሳብ ከመጽሐፍ ወጥቶ የገዛ ሕይወቱን ሲነካለት ያየ ልጅ ቀሪን ዳግመኛ አይጥልም።

እናንተም ሞክሩ፤ 2020 ዓ.ም. በምን ዕለት ይገባል? መልሱ እሑድ ነው። ረቡዕ ያገኘ ሰው ካለ ድርሻውን መደመር ረስቷልና ይመለስበት!