ከክላርክስተን ካምፓስ እስከ ፖሊስ አካዳሚ፦ መንገዱ ምን ይመስላል?

"ክሪሚናል ጀስቲስ ነው የማጠናው" ባልኩ ቁጥር ከወገን የምሰማው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ነው። ታላላቆቻችን "ምነው ልጄ፣ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?" ይሉኛል። እኩዮቼ ደግሞ "ዲግሪ ግዴታ ነው ወይ? ያለ ዜግነት ይቻላል? ከአገር ቤት የመጣ ወረቀት ችግር አያመጣም?" ይላሉ። የእኩዮቼ ጥያቄ ስለበዛብኝ መልሱን በአንድ ቦታ ላስቀምጥ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። የታላላቆቻችንንም አልዘለልኩትም።

ዲግሪና የፖሊስ ማረጋገጫ ይለያያሉ

ብዙዎቻችን የክሪሚናል ጀስቲስ ዲግሪ የጨረሰ ሰው በዚያው ፖሊስ የሚሆን ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በጆርጂያ ማንም ፖሊስ ሆኖ ለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1970 በሕግ ከተቋቋመውና "ፖስት" እየተባለ ከሚጠራው የግዛቱ የፖሊስ ደረጃና ሥልጠና ምክር ቤት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ማረጋገጫውን የሚያስገኘው የአካዳሚው መሠረታዊ ሥልጠና ነው። ለብዙ ዓመታት ዝቅተኛው የሥልጠና መጠን 408 ሰዓት ነበር፤ ለመመዝገብ ስትነሱ ግን የወቅቱን ሰዓት ከአካዳሚው ጠይቁ። ዋናው የግዛቱ ማሠልጠኛ ከአትላንታ በስተደቡብ ፎርሳይዝ ከተማ ይገኛል። ትልልቅ የፖሊስ መምሪያዎች የራሳቸው አካዳሚ አላቸው፤ አንዳንድ የቴክኒክ ኮሌጆችም ያሠለጥናሉ።

ወደ አካዳሚ መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው መጀመሪያ በአንድ መምሪያ መቀጠር ነው፤ መምሪያው ደመወዝ እየከፈለ ይልካችኋል። ሁለተኛው በራስ ወጪ ሠልጥኖ ከዚያ ሥራ መፈለግ ነው። ቤተሰብ የሚረዳ ተማሪ የመጀመሪያውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ታዲያ ዲግሪው ለምን? የግዛቱ ሕግ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስረጃ ብቻ ነው። የኮሌጅ ትምህርት ጥቅሙ በኋላ ነው የሚታየው፦ ለመርማሪነት፣ ለሹመት፣ ወይም እንደ ኤፍቢአይ ባሉ የባችለር ዲግሪ በሚጠይቁ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለመቀጠር። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። የካሊፎርኒያዋ በርክሌይ የፖሊስ አዛዥ የነበረው ኦገስት ቮልመር ፖሊሶች ኮሌጅ ይግቡ ማለት የጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1967 ደግሞ በፕሬዚዳንቱ የተቋቋመ ኮሚሽን ሕግ የሚያስከብር ፖሊስ ሁሉ ውሎ አድሮ የባችለር ዲግሪ እንዲኖረው መከረ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፌዴራል ሕግ ለፖሊሶች የትምህርት ብድርና እርዳታ ፈቀደ፤ በየኮሌጁ ያሉት የክሪሚናል ጀስቲስ ክፍሎች የተስፋፉትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ክፍል ውስጥ ምን እንማራለን?

ክላርክስተን ላይ ሁለት የሕዝብ ኮሌጆች በኖርዝ ኢንዲያን ክሪክ ድራይቭ ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፔሪሚተር ኮሌጅ ሲሆን ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተዋሃደው በ2016 ነው። ሌላው ጆርጂያ ፒድሞንት ቴክኒካል ኮሌጅ ነው። አሶሼት ዲግሪ በተለምዶ 60፣ ባችለር ደግሞ 120 ክሬዲት ያህል ይፈልጋል።

እንግሊዝኛ ድርሰት፣ የአሜሪካ መንግሥት አወቃቀር፣ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂ አሉ። "ድርሰት ለፖሊስ ምን ያደርጋል?" የሚል ካለ መልሱ ሪፖርት ነው። ፖሊስ ያየውንና ያደረገውን ሁሉ ይጽፋል፤ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ጠበቃም መስመር በመስመር ይመረምረዋል። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ተማሪዎች ከሩጫውና ከተኩሱ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ኮርሳችሁን ለመገላገል ብቻ አትውሰዱት።

ዋናው ትምህርት ግን የሕገ መንግሥት ጉዳዮች ናቸው። በ1961 የተወሰነው የማፕ ጉዳይ ያለ አግባብ በተደረገ ፍተሻ የተገኘ ማስረጃ በግዛት ፍርድ ቤቶችም ተቀባይነት እንዳይኖረው አደረገ። የ1966ቱ የሚራንዳ ጉዳይ በቁጥጥር ሥር ያለ ሰው ከመጠየቁ በፊት ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብቱ እንዲነገረው ግድ አለ። የ1968ቱ የቴሪ ጉዳይ ፖሊስ በምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን ለአጭር ጊዜ ማስቆም እንደሚችል ፈቀደ። የ1985ቱ የጋርነር ጉዳይ የሚሸሽን ተጠርጣሪ ስለሸሸ ብቻ መተኮስ አይቻልም አለ። የ1989ኙ የግራም ጉዳይ ደግሞ የኃይል አጠቃቀም የሚመዘነው በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው አለ። እነዚህን አምስቱን በደንብ ያወቀ ሰው፣ ፖሊስ ባይሆንም እንኳ፣ መብቱን ያውቃል።

ከማመልከታችሁ በፊት

ዜግነት፦ በጆርጂያ ሕግ ፖሊስ ለመሆን ከተቀመጡት መመዘኛዎች አንዱ የአሜሪካ ዜግነት ነው፤ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው። በግሪን ካርድ መማር ይቻላል፤ የፌዴራሉን ፔል ግራንት ማግኘትም ይቻላል። ዜግነቱ ግን ከማረጋገጫው በፊት መምጣት አለበት። በዲቪ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይጠብቃል። በስደተኝነት ለተመደበ ሰው ግን አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ካርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ሌላም አለ፦ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ከወላጅ ጋር እየኖራችሁ፣ 18 ዓመት ሳይሞላችሁ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዜጋ ከሆኑ፣ እናንተም በሕግ ዜጋ ሆናችሁ ሊሆን ይችላል። ሳያውቁት ዓመታት የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ስምና የልደት ቀን፦ መርማሪው ሕይወታችሁን ወደ ኋላ ሄዶ ያጣራል። የእኛ ስም ደግሞ በየወረቀቱ ሌላ ሰው ይመስላል። አንዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ "ፀ" በአንዱ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ይጻፋል። የልደት ቀን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይዛባል፤ በስደተኛ ካምፕ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበም ሞልቷል። ይህ ወንጀል አይደለም፣ ነገር ግን ሳይብራራ ሲገኝ ያስጠረጥራል። ልዩነቱን ከነምክንያቱ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከሰነዶቹ ጋር አያይዙ።

ማሪዋናና ጫት፦ በ2016 የክላርክስተን ከተማ ምክር ቤት ከአንድ አውንስ በታች ማሪዋና ይዞ የተገኘ ሰው የሚከፍለውን ቅጣት ወደ 75 ዶላር ዝቅ አድርጓል። ቅጣቱ ቀነሰ እንጂ በግዛቱ ሕግ የተፈቀደ አልሆነም፤ ቀጣሪውም መጠየቁን አይተውም። ጫትም እንዲሁ ነው። አገር ቤት በገበያ የሚሸጥ ቢሆንም በውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በመጀመሪያው ምድብ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ ነው። ስለ ዕፅ ስትጠየቁ የሚያዋጣው እውነቱን መናገር ነው፤ የተደበቀ ነገር ከተነገረው ይልቅ ያስወድቃል።

ወንዶች ከ18 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ለሴሌክቲቭ ሰርቪስ መመዝገባችሁንም አረጋግጡ። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ጊዜው ካለፈ ግን ብዙ ያስረዳል።

ወደ ክፍል ለሚመለሱ ፖሊሶች

በማታ ክፍል ከእኛ ጋር የሚቀመጡ በሥራ ላይ ያሉ ፖሊሶች አሉ። የጆርጂያ ፖሊስ በየዓመቱ ቢያንስ 20 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ከዚያ ውስጥ የጦር መሣሪያ ብቃት፣ የገዳይ ኃይል አጠቃቀም፣ ግጭትን በንግግር ማብረድና ከማኅበረሰብ ጋር መሥራት ይገኙበታል። ይህ ዲግሪ አይሰጥም፤ ሆኖም ብዙ ኮሌጆች የአካዳሚውን ሥልጠና ወደ ክሬዲት ይለውጡታል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ አማካሪውን "ስንት ክሬዲት ይያዝልኛል?" በሉት።

አገር ቤት ፖሊስ የነበሩ ወንድሞችና እህቶችም አሉን። ቀድሞ አባዲና ይባል በነበረው የሰንዳፋ ፖሊስ ተቋም የተማረ ሰው የትምህርት ማስረጃውን በውጭ አገር ሰነድ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሞ ለኮሌጅ ማቅረብ ይችላል። ክሬዲቱ ሊያዝለት ይችላል፤ እዚህ ለመሥራት ግን የጆርጂያን ማረጋገጫ ማግኘት አለበት።

"ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?"

ታላላቆቻችን ይህን የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ፖሊስ ሲባል ዱላና እስር ትዝ የሚለው ብዙ ነው። እዚህም ቢሆን ጥያቄው አልተዘጋም፤ አትላንታ በዚሁ በዲካልብ ካውንቲ የሠራችው የፖሊስ ማሠልጠኛ ማዕከል ምን ያህል ተቃውሞ እንዳስነሳ አይተናል። ሙያውን የሚመርጥ ሰው ይህን ሁሉ አውቆ መምረጥ አለበት።

እኔን ያሳመነኝ ግን ቀላል ነገር ነው። በእኛ ባህል ሹም ሲያናግርህ ዓይንህን ዝቅ ታደርጋለህ። ባለሥልጣን ሲመጣ ከመኪና ወርደህ ሰላም ትላለህ። አሜሪካ ውስጥ መንገድ ዳር ያስቆመህ ፖሊስ ግን ዝቅ ያለውን ዓይን እንደ መደበቅ፣ መውረዱን እንደ ማስፈራራት ሊያየው ይችላል። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። "አባባ፣ መኪናው ውስጥ ይቆዩ፤ እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ" ብሎ በአማርኛ የሚናገር አንድ ፖሊስ ያን ጊዜ ከብዙ ተርጓሚ ይበልጣል።

አትላንታ በ1948 የመጀመሪያዎቹን 8 ጥቁር ፖሊሶች ስትቀጥር ነጭ እንዲያስሩ አልተፈቀደላቸውም፤ የደንብ ልብሳቸውን የሚቀይሩትም ከሌሎቹ ተለይተው በበትለር ጎዳና ዋይኤምሲኤ ነበር። ያም ሆኖ ገቡበት፤ ለኋለኞቹም በር ከፈቱ።

የምታስቡበት ካላችሁ በዚህ ሴሚስተር ሦስት ነገር አድርጉ፦ አካዳሚክ አማካሪያችሁን አነጋግሩ፣ የሰነዶቻችሁን ስምና ቀን አስተያዩ፣ ከአንድ የፖሊስ መምሪያ ጋር በፖሊስ መኪና አብራችሁ ለመዋል ጠይቁ። ብዙ መምሪያዎች ይፈቅዳሉ። ከዚያ በኋላ ሙያው ለእናንተ ይሁን አይሁን ራሳችሁ ትፈርዳላችሁ።