እንደ ቅርንጫፍ የምትዘረጋ እጅ፤ የበቆሎ እባብን ሳያስጨንቁ ስለ መያዝ

በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋንን ያሳተ ፍጡር፣ በአክሱም አፈ ታሪክም ሕዝቡን ሲያስገብር የኖረ አርዌ ሆኖ ሲተረክልን ስላደግን፣ አንድ ሰው እባብን በክንዱ ላይ አሳርፎ ያለ ፍርሃት ተቀምጧል ቢሉን፣ ወይ አስማት ወይ ዕብደት አድርገን እንቆጥረዋለን እንጂ፣ ጥናትና ትዕግሥት ያስገኙት ጥበብ ነው ብለን ለመቀበል እንቸገራለን። ጌታችን ሐዋርያትን ለስብከት ሲልክ የልባምነት ምሳሌ አድርጎ የሰጣቸው ግን ይህንኑ በደረቱ የሚሳብ ፍጥረት መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ጠባዩን መመርመር ከነውር የሚቆጠር አይሆንም።

የዛሬው ነገራችን በእንግሊዝኛ ኮርን ስኔክ፣ ማለትም የበቆሎ እባብ ስለሚባለው ነው። አገሩ አሜሪካ ሲሆን፣ ከኒው ጀርሲ አንሥቶ እስከ ፍሎሪዳ፣ በምዕራብም እስከ ሉዊዚያና ባለው ምድር፣ በጥድ ደንና በአሮጌ የእርሻ ቤቶች አካባቢ ይኖራል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ጀርባው በብርቱካንማ መደብ ላይ ዳር ዳራቸው በጥቁር የተከበበ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት፤ ሆዱም ጥቁርና ነጭ ተፈራርቆበት የዳማ ሰሌዳ ይመስላል። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊንየስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1766 የሰጠው ጉታተስ የሚለው የላቲን ስም ትርጉሙ ባለ ነጠብጣብ ማለት ነው። የበቆሎ እባብ ስለ መባሉ፣ አንዳንዶች የሆዱ ዝንጉርጉርነት የበቆሎን ፍሬ ስለሚመስል ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ አይጥ ለማደን ወደ በቆሎ ጎተራ ስለሚገባ ነው ይላሉ፤ ለገበሬው የሚሰጠውን ጥቅም ስለሚያስታውስ እኔ ሁለተኛውን እወዳለሁ። መርዝ የለውም፤ የሚያድነውን አይጥ የሚገድለው ተጠምጥሞ በመጭመቅ ነው። ሆኖም ኮፐርሄድ ከሚባለው መርዘኛ እባብ ጋር በመልክ ስለሚቀራረብ፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ብዙ ሰው በስሕተት ይገድለዋል።

ወደ አያያዙ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እዚህ የምጽፈው በሰው ቤት ተፈልፍሎ ላደገ የበቆሎ እባብ ብቻ የሚሆን ነው፤ በእኛ አገር እርሻና ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ እፉኝት ያሉ ገዳዮች ስላሉ፣ ይህን አንብቦ በሜዳ ያገኘውን እባብ ለማንሣት እጁን የሚዘረጋ ሰው በገዛ ነፍሱ ላይ ይፈርዳል። በአትላንታና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ ልጆቻቸው እባብ ግዙልን ሲሏቸው፣ የጆርጂያ ግዛት ሕግ መርዝ የሌላቸውን አገር በቀል እባቦች፣ የበቆሎውን እባብ ጨምሮ፣ በቤት ማሳደግን እንደሚከለክል ማወቅ ይገባቸዋል።

እባብ ዓለምን የሚያውቅባቸው ሕዋሳት ከእኛ እጅግ የተለዩ ናቸው። የዓይን ቆብ ስለሌለው ዓይኑን አይከድንም፤ በቆብ ፈንታ እንደ መስተዋት የጠራ አንድ ቅርፊት ይሸፍንለታል። በውጭ የሚታይ ጆሮም የለውም፤ ነገር ግን የውስጥ ጆሮው ከመንጋጋው አጥንት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በር በኃይል ሲዘጋ ወይም ሰው ወለሉን ሲረግጥ የሚፈጠረው ንዝረት በአጥንቱ በኩል ይደርሰዋል። መንታ ምላሱን የሚያወጣውና የሚያስገባው ብዙዎች እንደሚያስቡት ለመንደፍ ሳይሆን፣ በአየር ላይ ያለውን የሽታ ቅንጣት ለቅሞ በላንቃው ውስጥ ወዳለው፣ ሊቃውንት የጃኮብሰን ሕዋስ ወደሚሉት ክፍል ለማድረስ ነው። እንግዲህ በእነዚህ ሕዋሳት ለሚኖር ፍጥረት፣ አንዲት ሙቅና ትልቅ እጅ ከበላዩ በድንገት ስትወርድበት፣ ዘሩን ከሰማይ እየወረደ ሲነጥቅ ከኖረው ጭልፊት የምትለይበት ምንም ምልክት የላትም። ይሁን እንጂ የበቆሎ እባብ ዛፍ መውጣት የሚያውቅ ነውና፣ ከሥሩ ሆኖ የሚደግፈውን፣ የማይጨብጠውንና የማይቸኩለውን ነገር ያለ ፍርሃት ይረግጠዋል። የአያያዙ ጥበብ በሙሉ፣ እኔ እንደማየው፣ እጅን ከጭልፊትነት ወደ ቅርንጫፍነት መለወጥ ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለመረዳት፣ ድንጋጤ በሰውነቱ ውስጥ የሚሠራውን ማወቅ ያሻል። እባብ ሲጨነቅ ኮርቲኮስቴሮን የሚባለው ሆርሞን በደሙ ውስጥ ይበዛል፤ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ለማምለጥ ኃይል ይሰጠዋል፤ ሲዘወተር ግን ምግብ እንዲተውና በሽታን የመከላከል አቅሙ እንዲደክም ያደርጋል። ውሻ ያለቅሳል፣ ድመት ትጮኻለች፤ እባብ ግን ዝም ብሎ ይሠቃያል፤ ስለዚህም ዝምታውን ጸጥታ አድርገው የሚተረጉሙ ሰዎች፣ ክፋት ሳይኖርባቸው፣ ብዙ ይበድሉታል። የሚናገርባቸው ምልክቶች አሉት፤ ይኸውም አንገቱን እንደ ተጠማዘዘ ገመድ ወደ ኋላ ሲሰበስብ፣ የጅራቱን ጫፍ በፍጥነት ሲያንቀጠቅጥ፣ ከጅራቱ ሥር መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲለቅ፣ ወይም አካሉን አጠንክሮ ከእጅ ሲወረወር ነው። በአንጻሩ ጡንቻው ላላ ብሎ፣ ምላሱን በዝግታ እያወጣ በጣቶች መካከል የሚንሸራሸር እባብ ጭንቀት የለበትም።

አያያዙም እንዲህ ነው። የአይጥ ሽታ ያለባትን እጅ እባብ ከአይጥ ሊለያት አይችልምና፣ አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ ይገባል። ሣጥኑ በጎን የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል፤ በላይ የሚከፈት ከሆነም እጅ ወደ ጎኑ በዝግታ ትግባ፣ ምላሱም ሊያሸታት በምትችልበት ስፍራ ጥቂት ትቆይ። ከዚያ በኋላ የሰውነቱን መካከል በጣት ቀስ ብሎ ነክቶ የምግብ ሰዓት አለመሆኑን ማስታወቅ፣ ቀጥሎም አንዱን መዳፍ ከአንገቱ ራቅ ብሎ፣ ሁለተኛውንም ወደ ጅራቱ ባለው ሲሶ ላይ ከሥር አስገብቶ፣ ክብደቱን ለሁለቱ እጆች አካፍሎ ማንሣት ነው። ራሱን መጨበጥና በጅራቱ ማንጠልጠል ፈጽሞ የማይገባ ነው፤ የጀርባው አጥንት ከ200 በላይ በሆኑ አንጓዎች የተቀጣጠለ፣ የጎድን አጥንቶቹም ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ጠንካራ ጭምቅታ ይጎዳዋል። ወደ ፊት ሲሳብም መንገዱን መዝጋት ሳይሆን፣ አንዱን እጅ ከሌላው ፊት እያስቀደሙ ማለቂያ የሌለው ቅርንጫፍ መሆን ያስፈልጋል። ቢወድቅ እንዳይጎዳ ያዡ በወለል ላይ ወይም በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ጊዜ ከ5 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው፤ ከለመደ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ በሳምንትም ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃዋል። የሰውነቱን ሙቀት ከውጭ የሚያገኝ እንስሳ ስለሆነ፣ የሣጥኑ አንድ ወገን ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሞቅለት እባብ ከሣጥኑ ወጥቶ በብርድ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ምግብ መፍጨትም መንቀሳቀስም ያቅተዋል።

እባብን ጨርሶ የማይነኩበት ጊዜም አለ። ወደ አዲስ ቤት የመጣ እባብ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ይልቁንም ምግብ መብላት እስኪጀምር ድረስ ሊተው ይገባዋል። ከበላ በኋላም 48 ሰዓት ሳይሞላው የተነሣ እንደሆነ፣ የዋጠውን መልሶ ሊያስወጣው ይችላል፤ ከምግቡ ጋር የሚወጣው የጨጓራ አሲድም ጉሮሮውን ያቆስለዋል። ቆዳውን ሊለውጥ ሲቃረብ ዓይኑ እንደ ወተት ሰማያዊ ይሆንና አጥርቶ ማየት ስለሚሳነው፣ በቀላሉ ይደነግጣል፤ አሮጌውን ቆዳ አውልቆ እስኪጨርስ መጠበቅ ግዴታ ነው።

አንዳንዴ ይነክስ ይሆናል። ጥርሶቹ ጥቃቅንና ወደ ኋላ የታጠፉ ስለሆኑ ቁስሉ እንደ እሾህ ጭረት ነው፤ እጅን በድንገት መንጠቅ ግን የራስን ቆዳ ይቀዳል፣ የእባቡንም ጥርስ ይሰብራል፤ ታግሦ እስኪለቅ መጠበቅ፣ በኋላም በሳሙናና በውኃ ማጠብ በቂ ነው። ከንክሻው ይልቅ የሚያሰጋው ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ነው፤ ይህም ጤነኛ በሚመስል እባብ ላይ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከያዙት በኋላ ሁልጊዜ መታጠብ፣ ዕቃዎቹንም ወደ ማድ ቤት አለማስገባት ያስፈልጋል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ባሉበት ቤት እባብ ባይኖር እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥ ምርምር አለ። በኒው ዮርክ ግዛት በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሆልትስማንና ባልደረቦቹ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የበቆሎ እባቦችን ስምንት ቀዳዳዎች ባሉት ሰፊ ክብ ስፍራ ውስጥ ሲያኖሯቸው፣ ከቀዳዳዎቹም አንዱ ብቻ ወደ መሸሸጊያ የሚያስገባ ሲሆን፣ እባቦቹ በጥቂት ቀናት ልምምድ መውጫውን ከፊት ይልቅ ፈጥነው ማግኘት ተማሩ። ስፍራን የሚያስታውስ ፍጥረት እጅንም ሊለምድ ይችላል፤ ይወዳል ማለት ግን አልደፍርም።

ስለዚህ በመጨረሻ ሲመልሱት እንኳ ወደ ሣጥኑ መጣል የለበትም። መዳፍ ከመሸሸጊያው ደጃፍ ዝቅ ብላ ትቆማለች፤ እርሱም ምላሱን አንድ ሁለት ጊዜ አውጥቶ ስፍራውን ካወቀ በኋላ፣ ራሱን አስቀድሞ፣ ቀለበት በቀለበት እየሳበ ወደ ጨለማው ይገባል፤ የጅራቱ ጫፍ ከጣቶች እስኪወርድ ድረስም እጅ ከቦታዋ አትነቃነቅም።