ሕፃኑን ለትምህርት ቤት ደጃፍ ስለ ማዘጋጀት

ታኅሣሥ 3 ቀን በየዓመቱ የምናከብረው በዓታ ለማርያም እመቤታችን በ3 ዓመቷ ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት ቀን መታሰቢያ መሆኑን ምእመናን ሁሉ ያውቁታል። ኢያቄምና ሐና በስእለት ያገኟትን አንዲት ልጃቸውን ይዘው ከቤታቸው በወጡ ጊዜ ልባቸው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ፣ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሌላ ሰው አደራ የሰጠ ወላጅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። ዛሬም በየቤታችን ያለ አባትና እናት፣ ገና ጥርሱ ያልተነቀለ ሕፃን እጁን ይዞ በአንድ ደጃፍ የሚቆምበት ቀን ይመጣል። ያ ደጃፍ የትምህርት ቤት ደጃፍ ነው።

በፎገራ ሜዳ የበዓታ ሰሞን የመከር ወራት ነው። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውና ርብና ጉማራ በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት ይህ ሜዳ፣ ቀድሞ በፎገራ ከብት ስሙ የተጠራ ሲሆን፣ ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ ደግሞ የሩዝ አገር ሆኗል። የባሕር ዳርና የጎንደር ጎዳና ከደብረ ታቦር መንገድ ጋር በሚገናኝባት በወረታ ከተማ በዚህ ወራት የመፈልፈያው ድምፅ አያቋርጥም። ገበሬው ምርቱን ሽጦ ገንዘብ በእጁ ሲገባ፣ ማታ በምድጃው ዙሪያ ከሚነሡት አሳቦች አንዱ፦ «ልጁን ወዴት እናስገባው?» የሚል ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት ይግባን? በከተማው ካለ የግል ትምህርት ቤት ይግባን? ወይስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ባሕር ዳር፣ ከአክስቱ ዘንድ ሄዶ ይማር?

ስመ ጥር የሆኑት የግል ትምህርት ቤቶች ቦታቸው ጥቂት፣ ፈላጊያቸው ግን ብዙ ስለ ሆነ፣ ሕፃናቱን በጥያቄ መዝነው የሚቀበሉ አሉ። ምዘናውም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። ሕፃኑ ስሙንና የአባቱን ስም ይጠየቃል፤ ቀለማትን ይለያል፤ ጥቂት ይቈጥራል፤ ከአማርኛውና ከእንግሊዝኛው ፊደል ያሳያል፤ እርሳስ ይይዛል። ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን በዚህ አጭር ጊዜ ምክንያት በአንዳንድ ቤቶች ሁለትና ሦስት ወር የሚቈይ ጭንቀት እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል።

አንድ የሩዝ ነጋዴ የሆነ አባት ያጫወተንን እዚህ ላይ ልናነሣው ወደድን። ይህ ሰው የ5 ዓመት ልጁን በሌላ ከተማ ከሚገኝ ትምህርት ቤት ለማስገባት አስቦ፣ ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ደብተር ዘርግቶ የእንግሊዝኛ ጥያቄና መልስ ሲያስጠናው ከረመ። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ከዚያም የአባት ሥራ፣ ሁሉም በተራ ነበር። ሕፃኑም እንደ ዜማ አጠናው። የምዘናው ቀን መምህርቷ በዕድሜው ጀመረች፤ ሕፃኑ ስሙን ተናገረ። ስሙን ስትጠይቀው ዕድሜውን መለሰላት። መምህርቷ ፈገግ ብላ ደግማ ብትጠይቀው፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ዝም አለ። ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ አባትዬው አንድም ቃል አልተናገረም፤ ማታ ግን አለንጋ አነሣ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ደብተር በተዘረጋ ቍጥር ሕፃኑ ከእናቱ ጀርባ ይሸሸግ ጀመር። አባትዬውም ይህን ሲነግረን ድምፁ እየተቈራረጠ፦ «ትምህርት ቤቱ ስላልተቀበለው አላዝንም። ደብተር እንዲፈራ ያደረግሁት ግን እኔው ነኝ» አለን።

ይኸው ሕፃን በአያቱ ቤት ያሉትን ላሞች ሁሉ በየስማቸው ያውቃቸው ነበር። የትኛዋ ጥጃ የማን ልጅ እንደ ሆነች ይናገራል፤ ከብቱ ማታ ሲገባ አንዲት ብትጐድል ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነበር። መቍጠርም፣ መለየትም፣ ማስታወስም ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ስለዚህ የጠየቀው የለም፤ አባቱም ራሱ ይህን ከዕውቀት አልቈጠረውም ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችንን የትምህርት ሥርዓት ስንመለከት ሕፃን በደጃፍ ተመዝኖ አይመለስም። የኔታ የመጣውን ልጅ ስሙን ጠይቀው ከሌሎች ልጆች አጠገብ ያስቀምጡታል፤ በዕድሜ ከፍ ያለው ተማሪ ስንደዶ ይዞ ፊደሉን እያመለከተ ያስቈጥረዋል። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ከዚያ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት ይደግማል። ፈጥኖ የገባው ወደፊት ይሄዳል፤ የዘገየው እስኪገባው ድረስ በዚያው ይቈያል እንጂ አይባረርም። ጥብቅ ፈተና የሚመጣው ተማሪው በአእምሮ ከበሰለ በኋላ ነው። በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ድጓ ለማስመስከር፣ ወደ ዙር አምባም ስለ ዝማሬ መዋሥዕት የሚጓዙት ሊቃውንት ብዙ ዓመት የደከሙ ሰዎች ናቸው። በየኔታ ቤት አርጩሜ አልነበረም አንልም፤ ነበረ፤ በእርሱ ምክንያት ከትምህርት የሸሸም ልጅ ነበረ። ነገር ግን ሕፃኑን ገና ሳያስተምሩት «አትችልም» ብሎ የመመለስ ልማድ አልነበረንም።

የዛሬው ትምህርት ቤት ግን መቀመጫው የተቈጠረ ስለ ሆነ፣ ወላጅ ልጁን ማዘጋጀቱ ተገቢ ነው። ጥያቄው እንዴት ያዘጋጀው የሚለው ነው። እኛም ከመምህራንና ከእናቶች የሰማነውን፣ በየቤታችንም ሞክረን ያየነውን ለአንባብያን እናካፍላለን።

በመጀመሪያ የሕፃኑን ዕድሜ በእውነት መናገር ያስፈልጋል። በአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ሲሆን፣ መዋዕለ ሕፃናት ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንዳንድ ወላጅ ልጁ አንድ ዓመት እንዲቀድም በማሰብ ዕድሜውን ጨምሮ ያስጽፋል። በዚህም ልጁ ከእርሱ በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር ይመዘናል፤ የትምህርት ሕይወቱም በሐሰት ይጀመራል። ሳይደርስ የታጨደ ሩዝ በመፈልፈያው ውስጥ እንደሚሰባበር የፎገራ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። የልደት ምስክር ወረቀትና የክትባት ካርድ ስለሚጠየቁ አስቀድሞ ማውጣትና በደኅና ቦታ ማኖር ይገባል። የልደቱ ቀን የተዘነጋ እንደ ሆነ፣ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ የክርስትናው ቀን መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከጥናቱ አስቀድሞ የሕፃኑን ዓይንና ጆሮ እንመልከት። በክልላችን የዓይን ማዝ ብዙ ሰው ጐድቷል፤ የጆሮ ሕመምም በሕፃናት ላይ የተለመደ ነው። ሲጠሩት የማይዞር ወይም ሥዕል ሲያሳዩት እጅግ የሚያቀርብ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ሕክምና የሚሻ ሊሆን ይችላል። ውሃ በሚተኛበት በዚህ ሜዳ ወባም ስላለ፣ ሕፃኑ ማታ በአጎበር ውስጥ ይተኛ። ትኵሳት ይዞት የሰነበተውን ልጅ በዚያው ሳምንት ለምዘና ከማቅረብ፣ ቀን እንዲለወጥለት ትምህርት ቤቱን መለመን ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ከልጁ ጋር እንነጋገር። ሕፃን ቋንቋን የሚማረው ከጥያቄና መልስ ደብተር ይልቅ ከሰው ጋር በመጫወት ነው። ማታ ተረት ንገሩት፤ ሲያበቃም መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እንቆቅልሽ አጫውቱት። ቡና ሲፈላ ሲኒዎቹን በረከቦቱ ላይ እንዲደረድርና ለስንት ሰው እንደሚበቃ እንዲቈጥር አድርጉት። ባቄላውን ከሽምብራው ይለይ። ገበጣም ለሕፃን መልካም የሒሳብ መምህር ነው፤ ማከፋፈልንና አስቀድሞ ማሰብን ያለ ተግሣጽ ያስተምራልና። እንግሊዝኛውን በሚመለከት ጥቂት ቃላትን ከሚታየው ነገር ጋር እያገናኙ ማስለመድ ይበቃል። በተራ የተጠና መልስ ተራው በተዛባ ጊዜ እንደሚጠፋ ከላይ አይተናል።

አራተኛ፣ እጁን እናልምድለት። የፎገራ ጥቁር አፈር ለዚህ የተመቸ ነው። የጭቃ በሬና የጭቃ ላም የሚሠራ ልጅ ጣቶቹ እየጠነከሩ ስለሚሄዱ እርሳስ ለመያዝ አይቸገርም። ልብሱን አቈሸሸ ብሎ መቈጣት ይህን ትምህርት መከልከል ነው። እርሳስ ሲይዝም መጀመሪያ መስመርና ክብ ይሣል፤ 231ዱን ፊደል በአንድ ክረምት ካልጨረስህ አንበለው።

አምስተኛ፣ ከእናቱ ተለይቶ መቈየትን ይልመድ። ብዙ ሕፃናት የሚያውቁትን እንኳ የማይመልሱት ከማያውቁት ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ስለሚቀሩ ነው። ከክርስትና እናቱ ዘንድ ግማሽ ቀን ይዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ ይስጥ፤ ወደ ጎረቤት መልእክት ይውሰድ። በሰንበት ትምህርት ቤት ከሕፃናቱ ክፍል መቀመጥም ለዚህ እጅግ ይጠቅማል። እጁን መታጠብ፣ ቍልፉን መቈለፍ፣ መጸዳዳት ሲፈልግ ሳያፍር መናገር ይቻለው።

የምዘናው ቀን ሲደርስ ሕፃኑ በጊዜ የተኛና ቁርሱን የበላ ይሁን። ምዝገባው በነሐሴ ሆኖ ከፍልሰታ ጾም ጋር ቢገጥም እንኳ፣ ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በጾም ግዴታ እንደማይያዝ አባቶች ስለሚያስተምሩን፣ ባዶ ሆዱን አንውሰደው። ጠዋት በአንድነት እንጸልይ። ጸሎታችንም «እንዲያልፍ አድርግልን» በሚል ብቻ ሳይወሰን፣ «አይፍራ፤ እኛንም ትዕግሥት ስጠን» የሚል ይሁን። ለሕፃኑም፦ «አንዲት መምህርት ታጫውትሃለች፤ የምታውቀውን ትነግራታለህ፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላታለህ» ብንለው ይበቃዋል። ካለፍህ ይህን እሰጥሃለሁ፣ ካላለፍህ ወዮልህ ማለት ግን በ5 ዓመት ትከሻ ላይ የቤተ ሰብን ክብር መጫን ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል እንናገር። የሩዝ ገንዘብ በኅዳርና በታኅሣሥ ይገባል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን በክረምት፣ ጎተራው በሳሳበት ወራት ይጠየቃል። ስለዚህ አስበው የሚያስገቡት ወላጆች ከመከሩ ላይ ለይተው ያስቀምጡ። የእርሻውን በሬ ሸጦ፣ የታናናሾቹን ድርሻ ቀንሶ አንዱን ልጅ ማስገባት ግን የማይዘለቅ ነገር ነው። በሁለተኛው ዓመት መክፈል አቅቶት ልጁን ያወጣ ወላጅ፣ ሕፃኑን ሁለት ጊዜ አሳዝኖታል።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በሆንግ ኮንግ ገና የ2ና የ3 ዓመት ሕፃናት ለመዋዕለ ሕፃናት በቃለ መጠይቅ ይመዘናሉ። በኒው ዮርክ ከተማ ደግሞ ለ4 ዓመት ልጆች ይሰጥ የነበረው ልዩ ፈተና ብዙ ካከራከረ በኋላ በ2021 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቀርቷል። ፊንላንዶች መደበኛውን ትምህርት በ7 ዓመት ይጀምራሉ፤ ይህም ከመማር ወደ ኋላ አላስቀራቸውም። በሕፃንነት በአንድ ቀን የተገኘ ውጤት ነገ እንደሚለዋወጥ፣ ልጁ ሲያድግ ምን እንደሚሆንም በርግጥ እንደማይናገር የሕፃናትን ጠባይ ያጠኑ ሁሉ የሚስማሙበት ነው።

እንግዲህ ሕፃኑ ሳይቀበሉት ቢቀሩስ? በዚያች ቀን ማታ የምንናገረው ቃል ሁለት ወር ካስጠናነው ሁሉ ይልቅ በልቡ ይኖራል። እንደ ሌላው ቀን አብረን እንብላ፤ ስላየው ነገር እንዲያጫውተን እንጠይቀው፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አናወዳድረው። ከዚያም በአቅራቢያው ባለው ትምህርት ቤት በጊዜው እናስመዝግበው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት እጅግ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ፊደል ያልቈጠሩ ሕፃናት በየቤቱ እንደ ቀሩ አንዘንጋ። በሩ የተከፈተ ማንኛውም ትምህርት ቤት ምስጋና የሚገባው ነው። በእንደዚህ ያለው ጊዜ ፊደል የሚያውቅ አባት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ የኔታም ጭምር፣ የጎረቤትን ልጅ ከራሳቸው ልጅ ጋር ቢያስቈጥሩ ታላቅ ምጽዋት ነው።

ሐና የሳሙኤል እናት ልጇን በቤተ መቅደስ ትታው ከሄደች በኋላም አልረሳችውም፤ በየዓመቱ በቁመቱ ልክ ትንሽ ልብስ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበር መጽሐፍ ይነግረናል። ልብሱን የምትሰፋው ልጁ በዚያ ዓመት ባደገበት መጠን ነበር። እኛም ለልጃችን የምናዘጋጅለት ትምህርት በቁመቱ ልክ የተሰፋ ይሁን። ያ የሩዝ ነጋዴ ልጁን በወረታ አስገብቶታል። ደብተሩንም ለጊዜው ሰቅሎ፣ ማታ ማታ ስለ አያቱ ላሞች ይጠይቀዋል። በቅርቡ ሕፃኑ ራሱ ደብተሩን አውርዶ፣ የአንዲቱን ጥጃ ስም እንዲጽፍለት አባቱን ለምኖታል።

ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ እንድናሳድጋቸው የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።