የማለፊያ ነጥብ ምን ይለካል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተነገረ ቁጥር በመቻራም ሆነ በገለምሶ፣ በበደሳም ሆነ በጭሮ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የ12 ዓመት ትምህርት ፍጻሜ በጥቂት ቀናት ፈተና ሊወሰን ይገባዋልን? ጥያቄው በዋናነት የትምህርት ፖሊሲ ነው። ይሁን እንጂ ፈተና የመለኪያ መሣሪያ ነውና የፊዚክስ ተማሪ ስለ ማንኛውም መሣሪያ የሚያነሣቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልናነሣበት እንችላለን። የሚለካው ምንድን ነው? ስሕተቱ ምን ያህል ነው? ንባቡስ ለየትኛው ውሳኔ ይበቃል?

በቅድሚያ አኃዞቹን እንመልከት። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ኩረጃን ለመግታት ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ መጠን በቀጣዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ።

ለመሆኑ 50 በመቶ ማለት ምን ማለት ነው? እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቀረቡ እንበል። ምንም የማያውቅ ተፈታኝ ሁሉንም በግምት ቢመልስ በአማካይ 25 ያገኛል፤ ውጤቱም ከዚህ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች በ4 ነጥብ ገደማ ይዋዥቃል። 50 ለማግኘት የዚህን መዋዠቅ ስድስት እጥፍ ያህል መዝለል ይኖርበታል፤ ይህም በተግባር የማይሆን ነው። ስለዚህ ማለፍ የዕድል ጉዳይ አይደለም። በሌላ በኩል ከጥያቄዎቹ አንድ ሦስተኛውን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ተማሪ 33 በዕውቀቱ፣ ከቀሩት 67 ጥያቄዎች ደግሞ 17 ያህል በግምት አግኝቶ 50 ይሞላል። መስፈርቱ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ለማለት እንግዲህ ያስቸግራል።

ሆኖም ይኸው ተማሪ በሌላ ቀን ተመሳሳይ ፈተና ቢወስድ ግምቱ ብቻ ውጤቱን ከ3 እስከ 4 ነጥብ ያወዛውዘዋል። ስድስት የትምህርት ዓይነቶች በአንድነት ሲታዩ መዋዠቁ ወደ 1.5 ነጥብ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም። ስለሆነም 49 እና 50 ያመጡ ሁለት ተማሪዎችን መሣሪያው ለይቶ ማየት አይችልም፤ የወደፊት መንገዳቸው ግን በዚያች አንድ ነጥብ ይለያያል።

ከዚህ የከፋ ሌላ ስሕተት አለ። እርሱም መለኪያው በትክክል የለካውን ነገር እኛ በሌላ ስም ስንጠራው የሚፈጠር ነው። ፈተናው የሚለካው ተማሪው ዛሬ የሚያውቀውን እንጂ የማወቅ ችሎታውን አይደለም። በዳሮ ለቡ ወረዳ በምትገኘው መቻራ ያለ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የቀረበለት የፊዚክስ ጥያቄ ቋንቋውንም አብሮ ይለካል። ቮልትሜትር ነክቶ የማያውቅ ተማሪም ስለ ቮልትሜትር የሚመልሰው በቃሉ የያዘውን ነው። ይህን ዓይነቱን ስሕተት የጥያቄ ብዛት አይቀንሰውም። የቡና ነጋዴ ሚዛን የከረጢቱን ክብደት ይናገራል፤ ዝናቡ ለምን እንደቀረ ግን አይናገርም። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት ዜሮ ሲያስመዘግብ የተለካው በቅድሚያ ትምህርት ቤቱ ነው።

ታዲያ ፈተናው ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። የመምህራን ማርክ አሰጣጥ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ የአንዱ 90 የሌላው 70 ሊሆን ይችላል። ዘመድም ሆነ ስም ያለው ትምህርት ቤት ለሌለው የገጠር ልጅ የጋራ ፈተና ከሁሉ የተሻለ ምስክሩ ነው። መስተካከል ያለበት የንባቡ አጠቃቀም ነው። አንደኛ፣ ትምህርትን ማጠናቀቅና ዩኒቨርሲቲ መግባት ሊለዩ ይገባል፤ 12ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ውጤቱን የሚያሳይ የምስክር ወረቀት ይያዝ፤ የማለፊያው መስመር የዩኒቨርሲቲን በር ብቻ ይጠብቅ። ሁለተኛ፣ በመስመሩ አጠገብ ላሉት የትምህርት ቤት ውጤታቸው ይታይ፤ ዳግም የመፈተን ዕድልም ይስፋ። ፈተናዋን በ1852 እ.ኤ.አ. የጀመረችው ፊንላንድ ተማሪዎች በሦስት ተከታታይ ወቅቶች ከፋፍለው እንዲፈተኑና የወደቁበትን እንዲደግሙ ትፈቅዳለች። በአገራችን ከ50 በመቶ በታች ካመጡት የተወሰኑትን ተቀብሎ የሚያስተምረው የሪሚዲያል መርሐ ግብርም ጥሩ ጅምር ነው። ሦስተኛ፣ ዜሮ ላስመዘገበ ትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ መምህርና ቤተ ሙከራ ይቅደምለት።

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ የተባለውን ራሳችሁ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ። አራት ብጣሽ ወረቀት ወስዳችሁ በአንዱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ እየቀላቀላችሁና የወጣውን እየመለሳችሁ 100 ጊዜ ዕጣ አውጡ፤ ምልክት ያለው ስንት ጊዜ እንደወጣም መዝግቡ። የክፍላችሁን ተማሪዎች ውጤት ጎን ለጎን ስትጽፉ አብዛኛው በ21 እና በ29 መካከል ይሰፍራል። 50 ያገኘ ካለ ቆጠራውን ይድገም!