የጫጩት አያያዝና አመጋገብ በኩታበር ደጋ
(ከ1 ቀን እስከ 8 ሳምንት)

መግቢያ

የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት አምጥተው ለአባሎቻቸው የሚያከፋፍሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከባድ ጉዳት የሚደርስባቸው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። የሞተው ጫጩት ሁሉ በበሽታ እንደሞተ ይታሰባል። በደጋ ግን ቀዳሚው ጠላት ብርድ ነው። የበረደው ጫጩት አይበላም፤ ካልበላ ይደክማል፤ የደከመውን በሽታ ይጥለዋል።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ተጭኖ ወደ ኩታበር የሚሄድ ጫጩት ገና ደሴ ሲደርስ 4 ዲግሪ ያህል ቅዝቃዜ ያገኘዋል። ጉዞው በቀን፣ ከነፋስ በተከለለና አየር በሚያገኝ ሳጥን መሆን ይኖርበታል።

1. ሙቀት

ጫጩት ገና ላባ ስላላበቀለ የሰውነቱን ሙቀት ራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ እየተቀነሰ 21 ዲግሪ ገደማ እንዲደርስ ይደረጋል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ የድርቆሽ ሳጥን ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሳጥን በሌላ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በደረቅ ድርቆሽ ተጠቅጥቆ ይሞላል። ክዳኑም ድርቆሽ የተሞላ ጆንያ ይሆናል። ለአየር መግቢያ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። ድርቆሹ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ለ50 ጫጩት የተሠራ ሳጥን ውስጥ 10 ብቻ ቢገቡ በቂ ሙቀት አይኖርም። ብርድ በሚጠናበት ሌሊት ሙቅ ውሃ የተሞላ ጀሪካን በጨርቅ ተጠቅልሎ ይጨመራል።

በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ ማደር ጫጩቱንም ሰውንም ስለሚገድል ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑን የልማት ሠራተኛው ደጋግሞ ማስረዳት አለበት።

ሙቀት መለኪያ ለሌለው ገበሬ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ፦
ሀ) ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤
ለ) አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤
ሐ) ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ከሸሹ ነፋስ ይገባል፤
መ) ተበታትነው ከበሉና ከተኙ ተስማምቷቸዋል።

2. ውሃ

ጫጩቶቹ እንደደረሱ በቅድሚያ ውሃ ይሰጣቸዋል። ውሃው ተፈልቶ ለብ ያለ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች በ1 ሊትር ውሃ 50 ግራም ስኳር መጨመር ከጉዞ ድካም ያበረታቸዋል። ጫጩት ገብቶ እንዳይሰጥም በማጠጫው ውስጥ ጠጠሮች ይደረጋሉ።

3. መኖ

ከውሃው ቀጥሎ በመጀመሪያው ቀን መኖው በወረቀት ላይ ይበተንላቸዋል። ማታ አንገታቸው ሥር ያለው የምግብ ከረጢት በጣት ሲዳሰስ ሞልቶ መገኘት አለበት። ባዶ የሆነበት ጫጩት ተለይቶ ይመገባል።

የጫጩት መኖ ከ100 ክፍል 20 ያህሉ ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። ጥሬ እህል ብቻ ይህን አያሟላም። ከፋብሪካ የተመጣጠነ መኖ ማግኘት ካልተቻለ ማኅበሩ በ100 ኪሎ ግራም ቀጥሎ ባለው መጠን ሊያዘጋጅ ይችላል፦

የተፈጨ በቆሎ 40 ኪሎ
የኑግ ፋጉሎ 30 ኪሎ
ተቆልቶ የተፈጨ አኩሪ አተር 18 ኪሎ
የስንዴ ፉርሽካ 9 ኪሎ
ያልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2 ኪሎ
የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ ግማሽ ኪሎ
ጨው ግማሽ ኪሎ

አንድ የእንቁላል ዝርያ ጫጩት እስከ 8 ሳምንት 2 ኪሎ ግራም ገደማ ይበላል። ስለዚህ 50 ጫጩት የሚረከብ ቤተሰብ 1 ኩንታል መኖ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይኖርበታል። የሻገተ መኖ ስለሚመርዝ ለጫጩት አይሰጥም። በክረምት መኖው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ።

4. ንጽሕናና ጤና

የቤቱ ወለል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ደረቅ ጭድ ይጎዝጎዛል። የረጠበው በየቀኑ እየተነሳ ይለወጣል። እርጥብ ጉዝጓዝ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያስከትለውን ኮክሲዲዮሲስ ያራባል። እስከ 4 ሳምንት በ1 ካሬ ሜትር ከ20፣ ከዚያ በኋላ ከ10 ጫጩት በላይ አይቀመጥም። ከመንደር ዶሮዎችም ተለይተው ያድጋሉ።

ፈንግል አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ተጀምሮ የእንስሳት ሐኪሙ በሚያወጣው ፕሮግራም ይደገማል። መድኃኒቱ እስከሚሰጥበት ሰዓት ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም።

ማሳሰቢያ

የልማት ሠራተኛው ጫጩት ከመከፋፈሉ ከአንድ ሳምንት በፊት የተመዝጋቢዎችን ቤት እየዞረ ሳጥኑን፣ ጉዝጓዙንና መኖውን ይመልከት። ያልተዘጋጀ አባል ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ። ማኅበሩም በየቤቱ የሞተውን ጫጩት ከነዕድሜው ይመዝግብ፤ ሞቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከበዛ አስቀድሞ የሚመረመረው የቤቱ ሙቀት ነው። ቤቱ ሳይሞቅ ጫጩቱ አይምጣ።