ትራሱ ሥር የተገኘው ዳቦ

ዛሬ ስለ ልጆች ልነግራችሁ ነው። ወላጅ ስለሌላቸው፣ ወይም ወላጅ ኖሮ ሊያሳድጋቸው ስላልቻለ በማሳደጊያና በመጠለያ ስለሚኖሩ ልጆች። ስለ ምግባቸውና ስለ ልብሳቸው አይደለም፤ ስለ እሱ ብዙ ተናግረናል፣ ሰጥተናልም። የዛሬው ስለ ውስጣቸው ነው። ከራሴ ስህተት ልጀምር።

ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በቅርቡ የወጣሁ ወጣት አገልጋይ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ ማሳደጊያ እየሄድን ልጆቹን እናዘምር ነበር። እዚያ ሰባት ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ ልጅ ነበር። ቀን ዝም ያለ ነው። ሌሊት ግን ይጮኻል፣ አልጋው ላይ ይሸናል፣ ሊያባብለው የተጠጋውን ይነክሳል። ምግብም ይሰርቃል። ትራሱ ሲነሣ የሻገተ ዳቦና የደረቀ እንጀራ ይገኛል። ልጆቹ "ሌባው" ይሉታል። እኛ ደግሞ "መንፈስ አለበት" አልን። አምስት ሆነን ከበብነው፣ እጁንና ጭንቅላቱን ይዘን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ገሠጽን። ልጁ ተንቀጠቀጠ፤ ጮኸ፤ ከእጃችን ሊያመልጥ ታገለ። እኛም "ይኸው፣ ተገለጠ!" ተባባልን።

እናቴ የሚሆኑ አንዲት ሞግዚት በሩ ላይ ቆመው ያዩን ነበር። ስንጨርስ ወደ ጎን ጠሩኝና፣ "የኔ ልጅ፣ ይሄ ልጅ ሰይጣን የለበትም። ርቦት ያውቃል፤ ተመትቶም ያውቃል። እናንተ አምስት ሆናችሁ ስትይዙት ማን መሰላችሁት?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ኮሌጅ ውስጥ ግሪክኛ ተምሬያለሁ፤ ስለ ልጅ ፍርሃት ግን አንድም ቀን አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ከባለሙያዎች የሰማሁትን ነው አሁን የማካፍላችሁ።

ሰው ሲደነግጥ ልቡ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል። አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞች በደሙ ውስጥ ይረጫሉ። እግዚአብሔር ይህን ለጥበቃ ሰጥቶናል፤ ጅብ ሲመጣ እንድንሮጥ። ጅቡ ከሄደ በኋላ ግን ሰውነት ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ትንሽ ልጅ ይህን ብቻውን አይችለውም። እናቱ አንሥታ ደረቷ ላይ ስትለጥፈው፣ እሹሩሩ ስትለው ነው የሚረጋጋው። ይህ ቀንም ሌሊትም ሲደጋገም ልጁ ውስጥ "ስጮኽ የሚመጣ ሰው አለ" የሚል እምነት ይተከላል። በኋላ ትምህርት የሚቀበለው፣ ጓደኛ የሚይዘው፣ ተቆጥቶ የሚበርደው በዚያ ላይ ቆሞ ነው።

ጅቡ ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነስ? የሚደበድበው አባት፣ የሚያስርበው ዘመድ፣ በጎዳና ሌሊት የሚመጣ ጎረምሳ ከሆነስ? ወይስ እናት ሞታ ስጮኽ የሚመጣ ማንም ከሌለስ? ያን ጊዜ ፍርሃቱ ሥራውን አያቆምም። ልጁ ወደ ደኅና ቤት ከገባ በኋላም ሰውነቱ ገና እዚያው አደጋው ውስጥ ነው። በር ሲንኳኳ ይበረግጋል። ትከሻውን ስትነኩት ይማታል። ምግብ ሲያገኝ ለነገ ይደብቃል፤ ትላንት ነገ ምግብ እንዳልነበረው ያውቃልና። ክፍል ውስጥ ፈዝዞ መስኮት መስኮት ሲያይ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል። ልጁ ግን የሚጠብቀው አደጋ ስላለ ነው ሰሌዳውን ያላየው።

ይህ ግምት አይደለም። በሩማንያ የቻውሼስኩ መንግሥት በ1989 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ዓለም ከመቶ ሺህ በላይ ሕፃናትን በመንግሥት ማሳደጊያዎች ውስጥ አገኘ። ወደ ሕፃናቱ ክፍል የገቡ ሰዎች ከሁሉ በላይ ያስደነገጣቸው ዝምታው እንደ ነበር ተናግረዋል። በዚያ ሁሉ አልጋ መካከል የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ጮኸው ጮኸው የሚመጣ ስላጡ መጮኽ ትተዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በቡካሬስት ከተማ 136 ሕፃናትን መከታተል ጀመሩ። ግማሾቹ በሠለጠኑ አሳዳጊ ቤተሰቦች ቤት እንዲያድጉ ተደረገ። በማሳደጊያ ከቀሩት ይልቅ እነዚህ ልጆች በአእምሮ እድገትም፣ ሰውን በማመንም የተሻሉ ሆኑ። በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤት ያገኙት። ልዩነቱን ያመጣው "ይሄ ልጅ የኔ ነው" የሚል፣ ሲያለቅስ የሚመጣ አንድ ሰው መኖሩ ነው።

አሁን ወደ እኛ ጉብኝት ልምጣ። በገና ወይም በፋሲካ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳና ልብስ ይዘን፣ ቲሸርት አሠርተን እንሄዳለን። ገና ከመኪና ሳንወርድ አንዲት ሕፃን ሮጣ እግራችን ላይ ትጠመጠማለች፣ "አባዬ" ትላለች። እኛም እንባችን ይመጣል፤ "እንዴት ያለች ፍቅር የሆነች ልጅ!" እንላለን። ወገኖቼ፣ በቤቷ ያደገች የሦስት ዓመት ልጅ የማታውቀው ሰው ሲመጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ነው የምትደበቀው። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "አባዬ" የምትል ልጅ አባቷ ማን እንደ ሆነ ገና ያልታወቀላት ልጅ ናት። በሩማንያም ይህንኑ ነው ያዩት። እኛ አቅፈናት፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ፌስቡክ ላይ ለጥፈን፣ "እንመጣለን" ብለን እንሄዳለን። ለሷ ይህ አንድ ተጨማሪ መለየት ነው። በዓመት ስንት ቡድን እንደሚመጣ እናንተው ቁጠሩት።

ይህን በሬዲዮ ስናገር "ፓስተር፣ ታዲያ አንጸልይላቸው ነው የሚሉን?" ብለው የጠየቁኝ አሉ። እንዴት ብዬ! እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በጸሎት አምናለሁ፣ አጋንንት እንዳሉም አምናለሁ። ነገር ግን 1ኛ ነገሥት 19ን እስቲ አንብቡ። ኤልያስ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ለመነ። መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም፤ "እምነትህ የት ሄደ?" አላለውም። ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ በልቶ ጠጥቶ ተኛ። እንደገና ቀስቅሶ አበላው። እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በጩኸት አይደለም። እንግዲህ ለልጅ ስንጸልይ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ሳንይዘውና ሳንከበው፣ እሱ ከፈቀደ እንጸልይ። "አይ፣ አልፈልግም" የማለት መብት ተሰጥቶት የማያውቅ ልጅ ጸሎትን እንቢ ማለት መቻሉ ራሱ ለእሱ አዲስ ነገር ነው።

ሕክምናውንም አንከልክል። ወድቆ የሚንፈራገጥ ልጅ የሚጥል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ብዙ ውድ ባልሆነ መድኃኒት ልንቆጣጠረው የምንችል ሕመም ነው። አልጋ ላይ የሚሸናም የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊኖርበት ስለሚችል በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ። "ምነው በሞትኩ" የሚል፣ ራሱን የሚጎዳ፣ ወይም ከሰውም ከምግብም የተለየ ልጅ ካለ ብቻውን አይተው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ ይወሰድ። አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል ሆስፒታልን ታውቁታላችሁ። ስሙን ለስድብ የምንጠቀምበት ሰዎች ግን ንስሐ ብንገባ ጥሩ ነው፤ በዚያ ስድብ ምክንያት ሳይታከሙ የቀሩ ስንት አሉ! "ተፈውሰሃል፣ መድኃኒቱን ጣል" የሚል አገልጋይም በልጁ ሕይወት ላይ እየተጫወተ ነው። መድኃኒት የሚቆመው ሐኪሙ ሲያዝ ብቻ ነው።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ስለ መጠየቅ ይናገራል። "መጠየቅ" ሲል እኛ የታመመ እንደምንጠይቀው፣ ብርቱካን ይዞ ገብቶ መውጣት አድርገን ወሰድነው። የግሪኩ ቃል ግን ቀርቦ ማየት፣ ኃላፊነት ወስዶ መንከባከብ ማለት ነው። ዘካርያስ በሉቃስ 1 እግዚአብሔር ሕዝቡን ስለ ጎበኘበት ሲያመሰግን የምናገኘው ያው ቃል ነው። ያ ጉብኝት ደግሞ የአንድ ከሰዓት ጉብኝት አልነበረም።

ስለዚህ ልምራችሁ ከተባልኩ እንዲህ እላለሁ። ሠላሳ ሰው በዓመት አንዴ ከሚሄድ ሦስት ሰው በየሳምንቱ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይሂድ። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ካላችሁ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ሁኑ። የማትመጡበት ቀን ካለ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ጨርሳችሁ የምትሄዱ ከሆነም ሳትሰናበቱ አትጥፉ። ልጁን ብቻውን ወደ ተዘጋ ክፍል አትውሰዱ፤ ሥራችሁ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ ይሁን። ልጅ ተነካሁ፣ ተደፈርኩ ቢላችሁ እመኑት፤ በሽማግሌ ለመሸፈን አትሞክሩ፤ ጉዳዩ ለፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ይድረስ። ታሪኩንም በመድረክ አታስመስክሩት። ልጁ የደረሰበትን ለጉባኤ ሲናገር እኛ "ሃሌሉያ" እንላለን፤ እሱ ግን ያን ሌሊት አይተኛም።

ሞግዚቶቹንም አስቡ። አንዲት ሴት በትንሽ ደመወዝ አሥራ ምናምን ልጅ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች፤ ሌሊት ማን እንዳለቀሰ የምታውቀው እሷ ናት። ደክሟት ስትለቅ ልጆቹ እናት ያጡ ያህል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሌላ አዳራሽ ቀለም ከምትቀባ የሞግዚቶችን ደመወዝ ብትደጉም፣ በልጆች ጉዳይ ሥልጠና ብታሰጣቸው፣ በሳምንት አንድ ቀን ብታሳርፋቸው ለልጆቹ አእምሮ የበለጠ ይጠቅማል። ይህን ስል የሕንፃ ኮሚቴዎች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቤት ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሁለት ሕፃናት ይዘው የመጡት ወደ ገዛ ቤታቸው ነው፤ ድርጅቱ የመጣው በኋላ ነው። በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ካስቀረ ወዲህ እነዚህን ልጆች የሚወስድ ሰው ከእኛው መካከል መገኘት አለበት። ድህነት ብቻ የለያቸውን እናትና ልጅ ለማገናኘት የቤት ኪራይና ትንሽ የንግድ መነሻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ካልሆነም በአደራ ቤተሰብነት ወይም በጉዲፈቻ መቀበል አለ፤ ወረዳችሁ ያለው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ሂደቱን ያስረዳችኋል።

ያ ልጅስ? ሞግዚቷ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ገዙለትና አልጋው አጠገብ አስቀመጡ። ማታ ማታ ዳቦ ይጨምሩበታል። "ይሄ ያንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም" ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት እየተነሣ ሁሉንም ይበላ ነበር። ከዚያ ግማሹን ማስተረፍ ጀመረ። ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ቅዳሜ ስሄድ ሞግዚቷ ዕቃውን ከፍተው አሳዩኝ። ዳቦው ማታ እንደ ተቀመጠ ነበር።